ዘልቆ የሚሄድ ጥለት

ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጉና ተራራ አካባቢ፣ ገሳይ ትገኛለች። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስና ድንች የሚበቅልበት፣ ክረምቱን ጉም የማይለየው፣ ማታ ማታ ብርዱ ከእሳት ዳር የማያስነሣ። እንዲህ ባለ አገር የሴት የእጅ ሥራ ተራ የሚደርሰው ከሌላው ሥራ ሁሉ በኋላ ነው። እንጀራው ተጋግሮ፣ ከብቱ ገብቶ፣ ቡናው ሲቀራረብ ስፌቱ ከተሰቀለበት ይወርዳል። ወስፌው ይወጋል፤ በቀዳዳው አለላው ይገባል፤ ይሳባል፤ እንደገና ይወጋል። ከእምብርቱ የተነሣው ጥምጥም ዙር በጨመረ ቁጥር ይሰፋል፤ እሱ ሲሰፋ ደግሞ የጥለቱ ሒሳብ አብሮ ይለወጣል። በአምስተኛው ዙር ሦስት ጊዜ ቀይ የተወጋበት የኮከብ ክንፍ በአሥረኛው ዙር ስድስት ይፈልጋል፤ ያ ካልሆነ ኮከቡ ይጠባል ወይም ይወላገዳል። ሰፊዋ ይህን በወረቀት አትጽፈውም። ከጎረቤቷ ጋር እያወራች፣ ልጅ እየተቆጣች፣ ቁጥሩን በልቧ ትይዛለች፤ ስትሳሳት ደግሞ ሦስት ዙር ወደ ኋላ ፈትታ ትጀምራለች።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዶቃ ነው። ከስፌት የተነሣበት ምክንያት አለው። በዓለም ላይ ባለፉት አርባ ዓመታት ውስጥ የገነነ አንድ የእጅ ሥራ አለ፤ ፖሊመር ክሌይ ከሚባል ለስላሳ ነገር ባለጥለት አገዳ ሠርቶ፣ አገዳውን እንደ ሙዝ እየቆራረጡ ዶቃ ማልበስ ነው። ይህ ሥራ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ገሳይ ሊመጣ ይገባል ወይ? ቢመጣስ ማን እጅ ላይ ይውደቅ? በሙያ ሥልጠና የተለመደው አካሄድ ከዕቃው መጀመር ነው፤ ዕቃው ይገዛል፣ ሥራ አጥ ወጣት ይመዘገባል፣ ለሁለት ሳምንት ይሠለጥናል። እኔ የማምነው የዚህን ተቃራኒ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ከባዱ ነገር ክሌዩን ማሸት አይደለም፤ ያንን ማንም በአንድ ቀን ይለምደዋል። ከባዱ አንድ ጥለት ገና ሳይታይ በሐሳብ ከፋፍሎ፣ ቆጥሮ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ መገንባት ነው። ይህን ችሎታ ደግሞ የደቡብ ጎንደር ሰፊዎች ከእናቶቻቸው ተቀብለው ይዘውታል። ስለዚህ ሥራው የእነርሱ ቢሆን ይሰምራል፤ ከእነርሱ ውጭ ቢተከል ግን የመጀመሪያው የክሌይ ካርቶን ሲያልቅ አብሮ የሚያልቅ ይመስለኛል።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ሸንኮራ አገዳ በየትም ቦታ ቢቆረጥ ውስጡ አንድ ነው። የክሌይ አገዳም እንዲሁ ነው፤ ጥለቱ ላዩ ላይ አልተቀባም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘልቆ ያልፋል። ስምንት ክንፍ ያለው የመሶብ ኮከብ ይሠራ ብንል፣ መጀመሪያ ለእምብርቱ የሚሆን ቀይ ድብልብል ዘንግ ይጠቀለላል። ቀጥሎ ከቢጫ ክሌይ የቤት ጣራ ቅርጽ ያላቸው ስምንት ዘንጎች ይሠሩና ሰፊው ጎናቸው እምብርቱን፣ ሹሉ ወደ ውጭ እንዲያይ ሆነው ዙሪያውን ይደረደራሉ። በክንፎቹ መካከል የሚቀረው ባዶ ቦታ ጣራው የተገለበጠ ቅርጽ አለው፤ እዚያ ስምንት ጥቁር ዘንጎች ይገባሉ። በመጨረሻ ሁሉም በስስ ጥቁር ቅጠል ይጠቀለላል። አሁን የተገኘው እንደ ቡና ስኒ የወፈረ አጭር ግንድ ነው፤ ከጫፉ ሲያዩት ኮከቡ ትልቅና ሻካራ ሆኖ ይታያል። ከዚያ ማጥበቅ ይጀመራል። ግንዱ መሃሉ ላይ በሁለት እጅ ተይዞ ቀስ እያለ ይጨመቃል፣ ይገለበጣል፣ ይጨመቃል፣ በጠረጴዛ ላይ ይንከባለላል። እየቀጠነ በሄደ ቁጥር ይረዝማል፤ ውስጡ ያለው ኮከብም ቅርጹን ሳይለቅ አብሮ ያንሳል። ባለሙያውን ከጀማሪው የሚለየው እዚህ ነው። ቀዩ ከቢጫው ይልቅ ለስላሳ ከሆነ ግፊት ሲበዛበት ፈትለክ ብሎ ወደ ጫፍ ይሮጣል፣ ኮከቡም እምብርት አልባ ይሆናል። በዘንጎቹ መካከል አየር ከቀረ ጥለቱ ይሰነጠቃል። ቀለማቱ በብርሃንና በጨለማ ካልተራራቁ ደግሞ ትልቁ ሲያንስ ሁሉም ተደበላልቆ ግራጫ ይመስላል። ሰፊዎች በአለላ ምርጫ ይህን የመጨረሻውን ነገር ከጥንት ያውቁታል፤ ከሩቅ ሊታይ የሚገባው መሶብ ላይ ወይን ጠጁን ከጥቁር አያጎራብቱትም።

ሒሳቡ ደግሞ እንዲህ ነው። ወፍራሙ ግንድ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረውና ስፋቱ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ቢቀንስ፣ የአገዳው ገጽ 25 ጊዜ ያንሳል። ክሌዩ ግን የትም አልሄደም፤ ስለዚህ ርዝመቱ 25 ጊዜ አድጎ 150 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ በ2 ሚሊ ሜትር ቢቆረጥ 750 ቁራጭ ይወጣዋል፤ በሁለቱ ጫፍ የሚበላሸው ተቀንሶም ከ500 በላይ ጥሩ ቁራጭ ይቀራል። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ያ አንድ ኮከብ አለ። እዚህ ላይ ስፌትና አገዳ ይለያያሉ፤ የክርክሬም ዋና ማስረጃ ይህ ልዩነት ነው። አንዲት ሰፊ አንድ መሶብ ላይ ያፈሰሰችው ቆጠራ ከዚያ መሶብ ጋር ይሸጣል። ለሚቀጥለው መሶብ ከእምብርቱ ጀምራ፣ ያንኑ ጉልበት፣ ያንኑ የዓይን ድካም ትከፍላለች። ገበያው ደግሞ የሳምንታትን ሥራ የሳር ዕቃ ብሎ ነው ዋጋ የሚሰጠው። በአገዳ ግን ቆጠራው አንድ ጊዜ ይሠራና በመቶዎች ይባዛል። ችሎታዋ ያው ነው፤ የተለወጠው ችሎታዋ ስንት ጊዜ ዋጋ ያወጣል የሚለው ነው። የመሶብን ዋጋ አሳንሶ ማየት እንዳይመስል እላለሁ፤ መሶብ በማንኛውም ዶቃ የማይተካ ነገር ነው። ነገር ግን የሴት ጊዜ እንዲህ ርካሽ ሆኖ የኖረው ሥራዋ ሊባዛ የማይችል ስለሆነም ጭምር እንደሆነ መካድ አይቻልም።

ይህ ጥበብ ራሱ ለአገራችን ሰው ጨርሶ አዲስ ነው ማለትም ያስቸግራል። በአንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈውና የኤርትራን ባሕር ወደቦች የሚዘረዝረው የነጋዴዎች መመሪያ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ብዙ ዓይነት ብርጭቆን ይጠቅሳል፤ ከዚያም በግብፅ ዲዮስፖሊስ የሚሠራ ሙሪን የተባለ ዕቃ ይጨምራል። ብዙ ሊቃውንት ይህን ዥንጉርጉር ድንጋይ እንዲመስል በቀለማት የተሠራ ብርጭቆ ነው ብለው ያነቡታል። በዚያ ዘመን የግብፅና የሮም ብርጭቆ ሠሪዎች ባለቀለም የብርጭቆ ዘንጎችን በእሳት አጣብቀው፣ ስበው አቅጥነው፣ ቆራርጠው ጥለት ያወጡ ነበር። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ቬኒሶች ያንን ጥበብ ሲያነሡት እያንዳንዱን ቁራጭ ሙሪና አሉት፤ በእርሱ የተሸፈነውን ዶቃም ሺህ አበባ የሚል ስም ሰጡት። እዚያም ሴት አለችበት። ባለ ኮከብ ጥለት የሆነችው ሮዜታ የተባለችው የቬኒስ ዶቃ ፈጣሪ ተብላ የምትጠቀሰው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሙራኖ ላይ የኖረችው ማሪያ ባሮቪየር ናት። ያ ዶቃ በመርከብ ተጭኖ አፍሪካን ሲያዳርስ ኖሯል። በእኛም አገር በቦረና፣ በኮንሶ፣ በደቡብ ኦሞ ዛሬም አንገትና ወገብ የሚሞላው የብርጭቆ ዶቃ መነሻው የውጭ ፋብሪካ ነው። ሰዉ ዶቃውን በመረጠው ቀለም ደርድሮ የራሱን ቋንቋ አድርጎታል፤ ያላገባችውን ካገባችው፣ ሐዘንተኛውን ከሙሽራው ይለይበታል። ዶቃው ውስጥ ያለውን ጥለት የወሰነው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር።

በሰሜኑ ደጋ የዶቃ ታሪክ ትንሽ ይለያል። እዚህ የአንገት ክብር ማተብና መስቀል ነው፤ ካለ ደግሞ ከማርያ ቴሬዛ ብር ቀልጦ የተሠራ ድሪ። የብርጭቆ ዶቃ፣ በተለይ ጨሌ፣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከዛርና ከውቃቢ ጋር ነው። ስለዚህ ገሳይ ላይ ዶቃ እንሥራ የሚል ሰው የመጀመሪያውን ተቃውሞ የሚሰማው ከቤተ ክርስቲያን ጓሮ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ነገር ከጨሌ በምን ይለያል ይባላል። መልሱ ዶቃን ዶቃ ያደረገው ነገር ክሩ የሚውልበት አገልግሎት ነው የሚል ነው። አንድ መነኩሴ 41 ወይም 64 ፍሬ ያለው መቁጠሪያ ይዞ ሲጸልይ በእጁ ያለው ዶቃ ነው፤ ማንም ግን ጨሌ አይለውም። ይህን መልስ የሚያጠናክረው ደግሞ ጥለቱ ራሱ ነው። የመሶብ ኮከብ፣ የጥበብ ልብስ መስቀል፣ የጎንደር መስቀሎች እርስ በርሱ የተጠላለፈ ሐረግ በዚህ አገር ዓይን ውስጥ የታወቀ ቦታ አላቸው። ከውጭ የመጣ የአበባ ዶቃ ባዕድነት በእነርሱ ላይ አይታይም።

ስለ ዕቃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ክሌይ የሚለው ስም ያሳስታልና። በፖሊመር ክሌይ ውስጥ አፈር የለም። የውኃ ቧንቧ የሚሠራበት ፒ.ቪ.ሲ. የተባለው ፕላስቲክ በዱቄት መልክ ሆኖ፣ ከሚያለሰልሰው ዘይት መሰል ነገርና ከቀለም ጋር የተለወሰ ነው። በጀርመን አገር አሻንጉሊት ሠሪዋ ኬቴ ክሩዘ ለአሻንጉሊት ራስ ሞክራው አልሆናትም፤ ፊፊ እየተባለች የምትጠራው ልጇ ግን አሻሽላ ገበያ አወጣችው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 ለአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ኩባንያ ከተሸጠ በኋላ ፊሞ በሚል ስም ዓለምን አዳረሰ። ውኃ ስለሌለበት በአየር አይደርቅም፤ ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆይ ይጠነክራል፣ መጠኑም እምብዛም አይቀንስም። ለአገዳ ሥራ የተመቸውም በዚህ ምክንያት ነው። የሸክላ አፈርም እንዲህ ተደርድሮ ሊቆረጥ ይችላል፤ ጃፓኖች ኔሪኮሚ የሚሉት የሸክላ ጥበብ አላቸው። ነገር ግን ቀዩ አፈርና ነጩ አፈር ሲደርቁና ሲተኮሱ የሚኮማተሩበት መጠን ይለያያል፤ ልዩነቱ በመጋጠሚያቸው ላይ ስንጥቅ ይሆናል። በሜዳ እሳት ለምትተኩስ ሸክላ ሠሪ ይህን መቆጣጠር እጅግ ከባድ ነው። የበቆሎ ስታርችን ከአናጢ ነጭ ኮላ ጋር አብስሎ የሚሠራ ሊጥም አለ፤ ያለ እሳት ይደርቃል፣ ዋጋውም ቀላል ነው፤ ለመለማመጃ ይሆናል እንጂ እርጥበት ስለማይችል የጉና ክረምት አያሳልፈውም።

ሸክላ ሲነሣ አንድ የቆየ ቁስል አብሮ ይነሣል። በዚህ አገር ጭቃ የሚያቦካ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸማ የሚሸምን ሰው ተመርቆ አልኖረም፤ ቡዳ እየተባለ ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። የዚህን ዋጋ ለማየት ከጎንደር ከተማ ወጣ ብላ ወደምትገኘው ወለቃ ማየት ይበቃል። የቤተ እስራኤል ሴቶች እዚያ ጀበናና ማሰሮ ይሠሩ ነበር፤ በኋላም ለጎብኚ የሚሸጡ ትንንሽ የሸክላ ምስሎችን በማበጀት ታወቁ። ማኅበረሰቡ በ1977 ዓ.ም. በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል ሲሄድ፣ ስንት ትውልድ የተጠራቀመበት የእጅ ዕውቀት አብሮ ሄደ። በእንስራው ውኃ እየጠጣ ሠሪዋን ሲሸሽ የኖረ አገር ነው ይህን ያጣው። እንግዲህ አዲስ ጭቃ መሰል ሥራ ወደ ገሳይ ሲገባ ያ ስም አብሮ አይገባም ወይ የሚል ሰው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም የሚጠይቀው። ስፌት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ስፌት በደጋው የተከበረ ቤት ሴት ሥራ ነው፤ ባለጸጋዋም ድኻዋም ትሰፋለች፣ ለሙሽራ የሚሰጠው አገልግልና ሙዳይ መኩሪያ ነው። ዶቃው የስፌት ታናሽ ሆኖ፣ በስፌት ሴቶች እጅ፣ በስፌት ጥለት ከመጣ ስሙን የሚወርሰው ከስፌት ነው። ልማድ ሊለወጥ እንደሚችል ደግሞ ደቡብ ጎንደር ራሱ ምስክር አለው፤ በፎገራ ወረዳ የሚገኘው፣ በ1964 ዓ.ም. ዙምራ ኑሩ የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ወንድ ሲፈትል ሴት ስትሸምን የሚታይበት ቦታ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የጋፋት ተቃውሞ ነው ብዬ አስባለሁ። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት አፄ ቴዎድሮስ ሚሲዮናውያን የሆኑ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን አሰባስበው፣ እቶን አስተክለው፣ መድፍ አስቀልጠዋል። ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ከዚያ ወጥቶ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎትቷል። በ1868 እ.ኤ.አ. ንጉሡ ሲያርፉ ባለሙያዎቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ፤ ጋፋትም ዝም አለች። ፖሊመር ክሌይም ከውጭ የሚመጣ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ አገር ውስጥ የማይሠራ ነገር ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ሁሉ ዋጋው አሻቅቧል። ታዲያ ይህ ሌላ ጋፋት አይደለም ወይ? በከፊል ነው፤ መሸሽ አይገባም። ሆኖም መጠኑን ማየት ያስፈልጋል። በገበያ የታወቀው ትንሹ የክሌይ ጥቅል 57 ግራም ነው፤ ከእርሱ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዶቃ ብቻውን ቢሠራ ከ50 በላይ ይወጣዋል። የአገዳ ሥራ ግን ጥሩውን ክሌይ ለቆዳ ብቻ ነው የሚፈልገው። የዶቃው ሆድ ከተረፈና ከተደባለቀ ክሌይ፣ ወይም ከአገር ውስጥ እንጨት ተድበልብሎ ሊሠራ ይችላል፤ እንጨት ያንን ሙቀት ይችላል። ስሱ የአገዳ ቁራጭ በላዩ ተለጥፎ መጋጠሚያው እስኪጠፋ በመዳፍ መካከል ይንከባለላል። ስለዚህ ያው ጥቅል ብዙ እጥፍ ዶቃ ያለብሳል። መሣሪያውም ትንሽ ነው፤ ስስ ምላጭ፣ ለመዳመጫ የሚሆን ጠርሙስ፣ ለጠረጴዛ የሚሆን መስታወት፣ ለቀዳዳው ደግሞ ያው የታወቀው ወስፌ። ጋፋት ላይ የጠፋው ነገር ከሰዎቹ ጋር የመጣ ዕውቀት ነበር። እዚህ ግን ዕውቀቱ ከባዱ ግማሽ አገር ቤት ነው፤ ክሌዩ ቢጠፋ እንኳ ጥለት የምታወጣዋ ሴት ወደ አለላዋ ትመለሳለች እንጂ ባዶ እጇን አትቀርም።

የቻይና ዶቃስ? መርካቶ ላይ በፋብሪካ የተቆረጠ የክሌይ ዶቃ በክር ክር ተደርድሮ ይሸጣል። ከወረታ እስከ ወልዲያ ያለው፣ በገሳይ የሚያልፈው መንገድም በደርግ ዘመን በቻይናውያን የተሠራ በመሆኑ እስከ ዛሬ የቻይና መንገድ እየተባለ ይጠራል፤ ያ ዶቃ በዚያው መንገድ ገሳይ ለመድረስ የሚያግደው የለም። በዋጋ መወዳደር የሚያስብ ሰው ሳይጀምር ተሸንፏል። የሚወዳደረው ጥለቱ ነው እንዳይባል ደግሞ የሽመና ነገር አለ፤ የጥበብ ጥለት በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ ገብቶ የሸማኔውን ገበያ ሲያሻማው ሁላችንም አይተናል። ጥለት ይሰረቃል። ይህን ተቃውሞ ሙሉ በሙሉ የሚያፈርስ መልስ የለኝም፤ ያለኝ መልስ የአገዳ ሠሪዋን ፍጥነት የሚመለከት ነው። ፋብሪካ አንድን ጥለት ሰርቆ፣ በብዛት አምርቶ፣ ጭኖ እስኪያመጣ ወራት ያልፋሉ። ሰፊዋ ግን በአንድ ማታ አዲስ አገዳ ትሠራለች፤ ለአንድ ሠርግ፣ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ንግሥ፣ ለቡሄ፣ ከሙሽራዋ ቀሚስ ጥለት ጋር የሚገጥም አገዳ። ለ30 ሰው ብቻ የሚሆን ጥለት ለፋብሪካ አያዋጣውም። ለእርሷ ግን ጥሩ ሥራ ነው። ገዢውም ጎብኚ መሆን የለበትም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነት ነፋስ መውጫ ደርሶ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ኖሯል። በጎብኚ ላይ የቆመ የእጅ ሥራ ሁሉ በዚህ መካከል ሲወድቅ ታይቷል። የሚዘልቀው የሹሩባ ጫፍ፣ የማተብ ማሰሪያ፣ የሕፃን አንባር፣ በውጭ ላለ ዘመድ የሚላክ ትንሽ ስጦታ ነው። በአዲስ አበባ የእንጦጦ ግርጌ ሴቶች የጥይት ቀለህ ናስ አቅልጠው ዶቃ ሠርተው ወደ ውጭ ገበያ ማድረሳቸው ዶቃን የሚያሸጠው ውስጡ ያለው ታሪክም ጭምር መሆኑን ያሳያል፤ የመሶብ ኮከብ ያለበት ዶቃም የሚነገርለት ታሪክ አለው።

ስለ እሳቱ ሳልናገር ብቀር ግን ሁሉም ከንቱ ነው፤ ደጋው እዚህ ላይ ራሱን የቻለ ሕግ አለውና። ምድጃ የሌላቸው ጀማሪዎች ክሌይን በፈላ ውኃ ውስጥ ቀቅለው ለማጠንከር ሲሞክሩ ይታያል። ውኃ በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ይህ ራሱ ለአብዛኛው ክሌይ አይበቃም። ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋው የደብረ ታቦር ከፍታ ደግሞ ውኃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ገሳይ ላይም ከዚያ አይዘልም። እዚህ የተቀቀለ ዶቃ ከላይ የበሰለ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ጥሬ ነው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይፈረፈራል። ምጣድ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እንጀራ የሚጋገርበት ሙቀት ወደ 200 ዲግሪ ይጠጋል፤ በዚያ ላይ የወደቀ ክሌይ ይጠቁራል፣ ይጨሳል፤ ሲቃጠል የሚያወጣው የአሲድ ጋዝ ዓይንና ሳምባ ይጎዳል። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። በዚያ ላይ ፒ.ቪ.ሲ. የነካው ምጣድ፣ ድስት ወይም ቢላ ወደ ምግብ መመለስ የለበትም። ክሌዩን የሚያለሰልሱት ነገሮች ራሳቸው ሲያነጋግሩ ኖረዋል፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሕግ በልጆች መጫወቻ ውስጥ ፍታሌት የተባሉትን አንዳንዶቹን ከልክሏል፣ የታወቁ አምራቾችም ቀመራቸውን ለውጠዋል። ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ክሌይ መግዛት የማይገባው በዚህ ምክንያት ነው። የሚያስፈልገው ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየች አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃና፣ ከምድጃዋ ቁልፍ ይልቅ የሚታመን፣ ውስጧ የሚቀመጥ አንድ ቴርሞሜትር ነው። አሥር ሴቶች አንዲቱን ምድጃ በጋራ ሊይዙ ይችላሉ፤ ያልተተኮሰ ዶቃ በአየር ስለማይደርቅ መብራት ቢጠፋ እንኳ ከአቧራና ከፀሐይ ተሸፍኖ ለሳምንት ይጠብቃል። ሸክላ ሠሪ ወይም ዳቦ ጋጋሪ እንዲህ ያለ ትዕግሥት ያለው ሊጥ አግኝታ አታውቅም።

ስለዚህ ለሥልጠናው ገንዘብ የሚመድብ አካል ቢኖር፣ የመጀመሪያው ወር ያለ ክሌይ ቢያልፍ ይሻላል። ሰፊዎቹ መሶባቸውን ይዘው ይምጡ፤ እምብርቱ ስንት፣ ክንፉ ስንት፣ በስንተኛው ዙር ቀለም ይለወጣል የሚለው ይቆጠር፣ በካሬ ወረቀት ላይ ይስፈር። ይህ ራሱ እስከ ዛሬ ባለቤት ያጣ መዝገብ ይሆናል። ከዚያ በስታርች ሊጥ ይለማመዱ፤ ክሌዩ በመጨረሻ ይምጣ። ክሌዩ ሲመጣም የደጋው ብርድ፣ ቀን ላይ ክሌዩን እያጠጠረ በእጅ ማሸቱን የሚያከብደው ብርድ፣ ማታ ላይ ወዳጅ ይሆናል። ተጨምቆ የቀጠነ አገዳ ከእጅ ሙቀት የተነሣ ለስላሳ ስለሆነ ወዲያው ቢቆረጥ ምላጩ ስር ይደፈጠጣል፤ በሞቃት አገር ያሉ ሠሪዎች ፍሪጅ ውስጥ የሚያስገቡት ለዚህ ነው። ገሳይ ላይ አገዳውን በጨርቅ ጠቅልሎ መስኮት ዳር ማሳደር ይበቃል። ጠዋት ላይ ጠንክሮ ይገኛል። የጫፉ ቁራጭ ተጨምቆ የተደበላለቀ ስለሆነ ወደ ትርፍራፊው ይጣላል፤ ሁለተኛውም ምናልባት። በሦስተኛው ላይ ምላጩ ሲያልፍ ስምንት ክንፍ ያለው ኮከብ፣ ቀይ እምብርቱ መሃሉ ላይ ሆኖ፣ ይወጣል።